መቀስ ከረባት ያሰረ ዕለት

መቀስ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ ያጸደቀችው ግን ሚስቱ ናት። ሰውየው የቶርኖ ባለሙያ ነው። ብረት በሚሽከረከር ማሽን ላይ አስሮ እየላገ፣ ዘንጉንም ብሎኑንም ሲያወጣ ዕድሜውን የፈጀ። እሱ ባለበት ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ የሚንጠለጠል ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከረባት በሉት፣ ሻርፕ በሉት፣ የአንገት ሐብል በሉት፣ መታወቂያ የሚንጠለጠልበት ክር በሉት። ያልሰማ ይሰማል። መቀስ ከቱታው የደረት ኪስ መቀሱን መዘዝ ያደርግና፣ ቅጭ! «ይቅርታ» የለ፣ «እስቲ ያውልቁት» የለ። የሥራ አስኪያጁን ከረባት ቆርጧል። ምሳ ልታደርስለት የመጣችውን የገዛ ሚስቱን የሻሽ ጫፍ ቆርጧል፤ ከዚያ ወዲህ ምሳውን ራሱ ነው የሚይዘው። ቁራጮቹን ደግሞ አይጥላቸውም። መቀጣጫ እንዲሆኑ ብሎ ግድግዳው ላይ በሚስማር ይሰቅላቸዋል።

እብድ ነው እንዳትሉብኝ። ገና ወጣት ሳለ ከጎኑ ይሠራ የነበረ ጓደኛውን ማሽኑ በሻርፑ ይዞ ሲጎትተው በዓይኑ ዐይቷል። ጓደኛው ተርፏል፤ ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ሹክሹክታ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የተንጠለጠለ ነገር ባየ ቁጥር እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። የጋብቻ ቀለበቱን እንኳ አንድ ቀን ጣቱ ላይ አድርጎት አያውቅም። ስኳር ዕቃው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሚስቱ ሻይ ባፈላች ቁጥር እሱን ታያለች፣ ቀጥሎ ባሏን ታያለች።

ታዲያ የዚህ ሰው ልጅ ልታገባ ሆነ። ያለችው አንድ እሷው ናት። ከማን ልጅ ጋር ቢሉ፣ የወንድ ጌጣጌጥ ከሚሸጠው ባለሱቅ ልጅ ጋር! ቀበቶ፣ ሰዓት፣ ከረባት፣ የኪስ መሐረብ የሚሸጥ፣ ጧት ከቤቱ ሲወጣ ሽቶው ቀድሞት ጥግ የሚዞር ሰው። ወይ ጉድ! ዓለም ሁሉ ሞልቶ የመቀስ ልጅ ከከረባት ቤት ትግባ?

«አባዬ፣» አለችው አንድ ምሽት፣ «ወደ አዳራሹ ይዘኸኝ የምትገባው አንተ ነህ አይደል?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አለ። ጥያቄው ራሱ ቆጣ አደረገው። ሰውየው የሠርጉ ቀን ከተቆረጠ ጀምሮ መጥረጊያ በክንዱ ይዞ በኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ሲለማመድ ነው የከረመው። በዚህ ዓለም ላይ ከዚህች መንገድ ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

«እንግዲያው እንደ ሰው ትለብሳለህ። ሱፍ አለህ፤ የቀረውን አማቴ ራሳቸው ሊመርጡልህ ቃል ገብተዋል። ቅዳሜ ሱቃቸው እንሄዳለን። መቀሱ ቤት ይቀራል።»

«መቀሱ ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«አባዬ! እየቀለድኩ አይደለም። እዚያ ሄደህ አንድ ነገር ብትቆርጥ፣ አንዲት ክር እንኳ ብትቆርጥ፣ ይዞኝ የሚገባው አጎቴ ነው።»

መቀስ ክው አለ። አጎትየው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በጋ አይል ክረምት፣ እስከ ጉልበቱ የሚወርድ ሻርፕ ጣል አድርጎ የሚዞር ዘናጭ። መቀስ ስሙን አይጠራውም፤ «ያ ተንጠልጣይ» ነው የሚለው።

ቅዳሜ ጧት ሚስቱ እንደ ፖሊስ በር ላይ አቁማ ፈተሸችው። የኮቱን ኪስ፣ የሱሪውን ኪስ፣ ካልሲውን ሳይቀር። መቀሱን አገኘችው፣ ወሰደችው። ትንሿንም መቀስ አገኘቻት።

«ይቺ ለጥፍር ናት» አለ።

«ጥፍርህን እኔ እነክስልሃለሁ፤ ሂድ ብቻ!»

ባለሱቁ እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። ሱቁ ያብረቀርቃል፤ መስታወት በመስታወት ነው። ዐይንን የሚስበው ግን የባለሱቁ ከረባት ነበር፤ ቀይ ሐር፣ ሰፊ፣ እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ። መቀስ ዐይኑን ከሱ ላይ አንስቶ ጣሪያው ላይ ተከለ።

«ሱፍማ ማንም ይለብሳል፣» አለ ባለሱቁ። «ሰውን የሚያስከብሩት ትናንሾቹ ነገሮች ናቸው። እስቲ ከቀበቶ እንጀምር። ቀበቶና ጫማ ወንድማማቾች ናቸው፤ ቀለማቸው መለያየት የለበትም። ይቺ ያሰሯት... ምን ዓይነት ቆዳ ናት?»

«ጎማ ናት፣» አለ መቀስ ኮራ ብሎ። «የአሮጌ ማሽን ቺንጋ። ሞተሩ ሲቃጠል እሷ ተረፈች።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ስለሆነ ሳል አደረገና ጥቁር ቀበቶ አወጣ። ቀጥሎ ሰዓት መጣ፤ መቀስ ካቴና እንደሚገባለት ሌባ እጁን ዘረጋ። ቀጥሎ ለደረት ኪስ የሚሆን ነጭ መሐረብ መጣ።

«ይሄ ለመታየት እንጂ ለመናፈጥ አይደለም፣» አለ ባለሱቁ።

«ጉንፋን ቢይዘኝስ?»

«ለሱ ሌላ መሐረብ ይይዛሉ።»

«ሥራ የሌለው መሐረብና ሥራ ያለው መሐረብ፣ ሁለቱንም ተሸክሜ ልሂድ?»

«አባዬ» አለች ልጅቱ ጥርሷን ነክሳ። መቀስ መሐረቡን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ቀልቡን ሳበው፤ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሰች ቀጭን የብረት መያዣ። ምን እንደሆነች ጠየቀ። ከረባትን ከሸሚዝ ጋር የምትይዝ መሆኗን፣ አሁን አሁን ግን ገዢ እንደሌላት ባለሱቁ ነገረው።

«ከረባቱ እንዳይንጠለጠል?»

«እንዳይንጠለጠል።»

መቀስ ከፈት ዘጋ አድርጎ አያት። «ሐሳቧ ደግ ነው፤ ስፕሪንጓ ግን ሰነፍ ናት» አለና በአክብሮት ወደ ቦታዋ መለሳት።

በመጨረሻ ከረባቱ መጣ። ባለሱቁ ራሱ አሰረለት። መቀስ ላብ በላብ ሆነ፣ ግን ቆመ። ለልጅ የማይሆን ነገር የለ! ልጅቱ ዞራ አየችው፤ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ እንዴት አምሮብሃል!»

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለችው ከልጅነቷ ጀምሮ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ራሱን አየና እውነትም ሰው መሰለው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ባለሱቁ ግን ደስታው ሞቅ አለና፣ «ጫማው ብቻ ቀረ፤ ይምጡ ወዲህ፣ አዲስ ዕቃ አስመጥቻለሁ!» አለ። የጫማ መጥረጊያ ማሽን ነው። ቁልፉን ጫነው፤ ክብ ብሩሹ ዝዝዝ እያለ ተሽከረከረ። ባለሱቁ እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳይ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለ። ቀዩ ከረባት ወደ ታች ተንጠለጠለ። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ዕቃ ሲጠቀልሉ ገመድ የሚቆርጡበት መቀስ ነበር።

ቅጭ!

የሐሩ ቁራጭ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ባለሱቁ ከአንገቱ በታች የቀረችውን ጉራጅ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ አንዴ እሷን አንዴ መቀስን ያያል። ያ ማሽን ለካ የጥርስ ብሩሽ ያህል ጉልበት የለውም፤ በጣት ቢይዙት ይቆማል። መቀስ ይህን ያወቀው በጣቱ ይዞ ሲያቆመው ነው።

«ሊይዝዎ ነበር እኮ...» አለ ቀስ ብሎ።

ልጅቱ አልጮኸችም። ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። «አጎቴ» አለች፣ አንዲት ቃል ብቻ፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሚስቱ ወሬውን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «አመል ያወጣል ከመሐል አሉ! እኔ መቀሱን የወሰድኩት ለምን ነበር?»

«የሱ መቀስ ነው! የኔማ ቤት ነው ያለው!» አለ መቀስ። ክርክሩ ግን ለራሱም አልጣፈጠውም። በኮሪደሩ ሲያልፍ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ ተደግፋ አያት። የሁልጊዜ ልምምዱ፣ የሁልጊዜ ምኞቱ፣ በአንዲት ቅጭ ሄደ። ያ ተንጠልጣይ ልጁን ይዞ ሊገባ ነው። እሱ ከኋላ እንደ ጎረቤት ሊከተል ነው።

ሰኞ ወርክሾፕ ገባ። የነሐስ ዘንግ አስሮ ላገ፣ ሰነጠቀ፣ ሞረደ፣ ወለወለ። ሲጨርስ ከመዳፉ ላይ ሁለት የከረባት መያዣዎች አበሩ፤ ስፕሪንጋቸው ሰነፍ አይደለም። በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄደ። ባለሱቁ በሩ ላይ ሲያየው አንድ እጁን ከረባቱ ላይ አደረገ፣ በሌላኛው የባንኮኒውን መቀስ መሳቢያ ውስጥ ወረወረ።

«ይቅርታ ልል ነው የመጣሁት፣» አለ መቀስ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ግን የአሁኑ እንዳይንጠለጠል ይቺን ሠራሁልዎ።»

ባለሱቁ ዕቃ ያውቃል። አገላበጣት፣ በጥፍሩ መታት፣ ከረባቱ ላይ ሰካት። ጎተት አደረገ፤ ንቅንቅ አላለችም። ወደዚያች ማሽን ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ከረባቱ ከደረቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ። መቀስ ከተወለደ ጀምሮ ጎንበስ ያለ ባለከረባት ሰው አይቶ የተረጋጋ የዚያን ቀን ነው። ባለሱቁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ። ከረባት ሞልቶኛል፤ ሚስቴማ ያን ቀዩን ስለገላገሉን ሰላምታ ልካልዎታለች። ልጅዎን ግን እኔም ብለምናት አላሸነፍኳትም። ‘እሱን ለእኔ ይተዉልኝ’ ነው ያለችኝ።»

የሠርጉ ቀን ደረሰ። መቀስ ጥቁሩን ቀበቶ አሰረ፣ ሰዓቱን አሰረ፣ ሥራ የሌለውን መሐረብ ደረቱ ላይ ሰካ፣ ከረባቱን በነሐሷ መያዣ ከሸሚዙ ጋር አያያዘ። ከዚያም ወደ ኩሽና ገብቶ በሳሙና እየታገለ ጣቱን ሲያሽ ቆየ።

«ስኳር ዕቃውን ማን ነው የከፈተው?» አለች ሚስቱ። ከዚያ ጣቱ ላይ ቀለበቱን አየች። ኮሌታውን አስተካከለችለት።

አዳራሹ ትልቅ ሕንፃ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ፎቶ አንሺው ሙሽራዋ በተንቀሳቃሹ ደረጃ ስትወጣ ካላነሣኋት ብሎ ድርቅ አለ። ከፊት አጎትየው ክንዱን ሰጥቷት፣ ሻርፑን ለካሜራ አስተካክሎ ቆሟል። መቀስ ከሚስቱ ጋር ከኋላ ነው። የቀሚሱ ጭራ ወለሉ ላይ እንደ ወተት ፈስሷል፤ ጫፉ ቀስ እያለ ወደ ደረጃው ጥርስ ሄደ።

መቀስ ዘለለ። እጁ ወደ ደረት ኪሱ በረረ፤ መሐረብ ብቻ አገኘ። ልጅቱ ዞራ አየችው፤ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«አባዬ! ልትቆርጠው ነው?»

መቀስ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ያን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ሰብስቦ በሁለት ክንዱ አቀፈው።

«አይ፣ የኔ ልጅ። ልይዘው ነው። አንቺ ሂጂ፤ እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

ልጅቱ አየችው። ከረባቱን አየች፣ ያሰረባትን ነሐስ አየች፣ በሳሙና የቀላውን ጣት ከነቀለበቱ አየች። እንዳይያዝባት ብሎ እንደ ሕፃን ያቀፈውን ቀሚስ አየች። ክንዷን ከአጎቷ ክንድ አወጣች።

«አጎቴ፣ ቀሚሱን አንተ ያዝ። አባዬ እኔን ይያዝ።»

መቀስ ቀሚሱን ለአጎትየው አስረከበና ክንዱን ዘረጋላት፤ ልክ በመጥረጊያዋ እንደተለማመደው፣ ግትር አድርጎ። እንባው በአፍንጫው በኩል ሲወርድ ያንን የማይናፈጡበትን መሐረብ አውጥቶ ተናፈጠበት። እግሩን ሊያነሳ ሲል ግን ቆም አለ፤ ዞሮ አጎትየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ያን ሻርፕ መጀመሪያ ኮትህ ውስጥ ክተተው። አለዚያ እዚች ደረጃ ላይ አትወጣም።»

አጎትየው «እንዴ!» ብሎ ወደ ሙሽራዋ ዞረ፣ ታስጥለው እንደሆነ ብሎ።

«ክተተው፣ አጎቴ፣» አለች፣ የአባቷን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ይዛ።