የመምህሩ የዋና ቁምጣ

የጂኦግራፊ መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና እንደሚሄድ ሚስቱ ታውቃለች፤ ጎረቤት ያውቃል፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ወንበር ሳይቀር ያውቃል። የማያውቀው መዋኛ ገንዳው ብቻ ነው።

ነገሩን ያመጣው ሐኪሙ ነው። «የደም ግፊትዎ ጣራ ነክቷል፤ ወይ ይንቀሳቀሱ ወይ ይሰናበቱን» አለና አስደነገጣቸው። ሚስቱ ውላ አላደረችም። ገንዳና ጂም ባንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት የሕዝብ ስፖርት ቤት ሄዳ አስመዘገበችው፤ ሰማያዊ የዋና ቁምጣ ገዛችለት፤ ፎጣውን አጣጥፋ ቦርሳው ውስጥ ከታ በር ላይ ቆማ ሸኘችው። እሱም ሄደ። መሄዱንስ ሄደ።

የመጀመሪያው ቀን ገንዳው ዳር ደርሶ ወደ ታች ሲመለከት፣ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ውቅያኖስ ጥልቀት ያስተማረው ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ወለሉ ጥቁር ሰማያዊ ሸክላ የተነጠፈበት ስለሆነ ታቹ አይታይም። አንዲት ልጅ ከዳር ዘላ ገባች፤ ውሃው ዋጣት፤ እስክትወጣ ድረስ መምህሩም አብሯት ትንፋሹን ያዘ። እሷ እየሳቀች ወጣች። እሱ ግን ያን ዕለት የወሰነውን ወሰነ።

ወደ ጂሙ ዞር አለ። እዚያ አንዱ ፎጣውን አንደኛው ማሽን ላይ፣ ሹራቡን ሌላው ላይ፣ የውሃ ጠርሙሱን ሦስተኛው ላይ አስቀምጦ እሱ ራሱ መስታወት ፊት ቆሞ ክንዱን ያባብላል። መሮጫ ማሽኑ ላይ ያለችው ሴትዮ በስልክ ትጮኻለች፤ «እየሮጥኩ ነው አልኩሽ እኮ! ከማን ትለኛለች ደግሞ!» መምህሩ ደረጃውን ወጣ። ፎቅ ላይ ገንዳውን ቁልቁል የሚያሳይ መስኮት ያለው ሻይ ቤት አገኘ። ስፖርቱንም እዚያው አገኘ፤ ሻይ፣ ጋዜጣና የሌላ ሰው ድካም።

ወደ ቤት ከመመለሱ በፊት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ይገባና ቁምጣውን ቧንቧ ሥር ነክሮ ይጨምቀዋል። ፀጉሩን ያረጥባል። ዓይኑንም አሸት አሸት አድርጎ ያቀላዋል፤ ሥራ ከጀመረ አይሰስትም። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ቁምጣውን ከቦርሳው አውጥታ ጓሮ ታሰጣለች።

«እንዴት ነበር?»

«ውሃው ዛሬ ከበድ ብሎ ነበር» ይላል፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ውሸት ደግሞ ብቻዋን መኖር አትወድም። ከመስኮቱ ሆኖ ሲያይ የከረመውን ሁሉ ማስተማር ጀመረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሶፋው ላይ በሆዱ ተኝቶ በአየር ላይ ይቀዝፋል። «ምስጢሩ ትንፋሽ ነው» ይላል። የረጅም መንገድ ሾፌር የሆነው የሚስቱ ታናሽ ወንድም «አሳው» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ጸና። ከሁሉ የባሰው ግን ግፊቱ የእውነት መውረዱ ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን ከክንዱ ላይ እየፈታ «በዋናው ይበርቱበት» ሲለው፣ መምህሩ የሰው ሽልማት የተቀበለ ያህል ተሸማቀቀ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ የቤቱን በር በእግሩ ገፍቶ ገባ።

«አሳው! ነገ ታስተምረኛለህ! መሪ ላይ ተቀምጬ ወገቤ አለቀ። ሐኪሙ ዋኝ አለኝ፤ እኔም የራሴ አስተማሪ አለኝ አልኩት!»

መምህሩ አሳለ። «እኔ እንኳ ነገ... ጉንፋን ሳይጀምረኝ አልቀረም።»

«አሳ ጉንፋን ይይዘዋል እንዴ ጋሼ?»

«እኔም እመጣለሁ» አለች ሚስቱ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀናም ሳትል። «አንድ ቀን እንኳ ስትዋኝ አይቼህ አላውቅም።»

መምህሩ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ ውሃ ካልሆነች ብቻ። አማቹ ቢያውቅ በየመናኸሪያው ሲተርክ ይኖራል፤ እሱስ ይሁን። እሷ ግን ያን ሁሉ ቅዳሜ ቁምጣ አስጥታለት፣ ለሐኪሙ በኩራት ተናግራለት... ፊቷን እንዴት አድርጎ ያያል?

በነጋታው ሦስቱም በእግር ወጡ። ስፖርት ቤቱ ዳገት ላይ ነው። መምህሩ በሐሳብ ተውጦ ሽቅብ ሲነጉድ ሾፌሩ ከኋላ ቆሞ ወገቡን ያዘ።

«ቀስ በል እንጂ ጋሼ! የምናሳድደው ሰው አለ?»

በሩን ገና ሲያልፉ ሻይ ቤቷን የያዘችው ሴት ከደረጃው ራስ ላይ አየችው። «መምህር! ዛሬ ቀደም አሉ! የመስኮቱን ቦታ ይዤልዎታለሁ!»

«ከዋና በኋላ!» አለ መምህሩ፣ ድምፁ ከጉሮሮው ሳይሆን ከጆሮው የወጣ ይመስል ቀጥኖ። «ከዋና በኋላ ሻይ እወዳለሁ» ብሎ ለሚስቱ አስረዳ። እሷ «ደግ ነው» አለች፤ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ።

ገንዳው ዳር ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ጠባቂ መምህሩን ከነቁምጣው ሲያይ ግራ ገባው። «እርስዎ አዲስ ነዎት?»

«አዲስ?» አለ ሾፌሩ። «ይሄ እኮ አሳው ነው! አታውቀውም?»

ጠባቂው ፎቅ ላይ ያለውን መስኮት አየ፤ መምህሩን አየ፤ እንደገና መስኮቱን አየ። «እንዴ፣ መምህር! አወቅኳቸው። ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም» አለ። ቃል በቃል እውነቱን ነው።

መምህሩ ጊዜ ለመግዛት የሚያውቀውን ብቸኛ ነገር አደረገ፤ አስተማረ። «ከመግባታችን በፊት መሠረቱን እንያዝ» አለና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለ ትንፋሽ ጀመረ። በአፍ ማስገባት፣ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ መልቀቅ፣ አንገትን አለማቅናት። ድምፁ የክፍል ድምፅ ስለሆነ ውሃው ዳር ሲንቀጠቀጡ የነበሩ ጀማሪዎች አንድ ሁለት እያሉ ከበቡት። ሮዝ የዋና ቆብ ያደረጉ ወፍራም እናት እጃቸውን አወጡ።

«እግርስ ጌታዬ? እግርን ምን እናድርገው?»

«እግር ከዳሌ ነው የሚነሳው እናቴ። ጉልበት ዝም ይላል።»

«ይሄን እስካሁን ማንም አልነገረኝም!»

ትምህርቱ ግን ማለቁ አልቀረም። ስለ ማዕበል አነሣሥ ሊጀምር ሲል ሾፌሩ አቋረጠው። «ጋሼ፣ ትምህርቱ ገብቶኛል። አሁን ግባና አሳየኝ።»

«እሰይ፣ እንይ!» አሉ ባለ ሮዝ ቆቧ።

ሚስቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። መምህሩ የብረት መሰላሉን ጨበጠ። አንድ እግሩን ሰደደ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው ዘሎ ሊወጣ ቃጣው። ከዚህ በላይ መሄድ እንደማይችል ገባው። እናዘዛለሁ፣ ይሻለኛል ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ስሚ... አንድ የምነግርሽ ነገር ነበር።»

ተነሥታ መጣች። ከመሰላሉ በላይ ጎንበስ ብላ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ግባ፤ እግርህ መሬት ይነካል» አለችው። «ሳስመዘግብህ ጠይቄያለሁ። ከዳር እስከ ዳር ከደረት አያልፍም። ጥልቅ ቢሆን እልክህ ነበር?»

መምህሩ ዓይኗን አየ። ከዚያ እንደ ሕፃን ዓይኑን ጨፍኖ ወረደ። ጉልበት። ወገብ። ሆዱ ላይ ሲደርስ «ውይ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ የእግሩ ጣት የሚያንሸራትት ሸክላ ዳበሰ፤ ተረከዙም አረፈ፤ ቆመ። ውሃው ደረቱ ላይ ደርሶ ቀረ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ወር የተጨነቀው? ፎቅ ላይ ጋዜጣ ሲያስነብበው የኖረው ይሄ ውሃ ነው? እፎይታው ከሆዱ ተነሥቶ በሳቅ ወጣ፤ ብቻውን፣ እጁን ውሃው ላይ እያንቦጫረቀ ሳቀ።

«መሳቁንስ አየን» አለ ሾፌሩ። «መዋኘቱስ?»

እግሩ መሬት ሲይዝ አፉም ደፈረ። «አልችልም» አለ መምህሩ። «ችዬም አላውቅም። እስከ ዛሬ ፎቅ ላይ ሻይ ስጠጣ ነው የኖርኩት።»

ሾፌሩ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«ተመስገን! እኔ ደግሞ ባንተ ፊት ልዋረድ ነው ብዬ ከትናንት ጀምሮ ስጨነቅ! እስቲ ዞር በልልኝ፣ ካንተ አጠገብ ልቁም!»

«ቆይ፣ የትንፋሹ ነገርስ?» አሉ ባለ ሮዝ ቆቧ ተቆጥተው። «እሱም ቅጥፈት ነው?»

«ትምህርቱስ ልክ ነው እማማ» አለ ጠባቂው ሳቁን እየዋጠ። «እሳቸው ብቻ ናቸው ያልተማሩት።»

ሲመለሱ ሾፌሩ ጆሮው የገባውን ውሃ ለማውጣት ባንድ እግሩ እየዘለለ ቀደማቸው። ባልና ሚስቱ ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ወረዱ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የመጀመሪያው ቀን። ከገንዳ የወጣ ልብስ ክሎሪን ክሎሪን ይላል። ያንተ ምንም አይልም፤ የቧንቧ ውሃ ነው።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ምን ላድርግ? ይሄን ዳገት በእግርህ እየወጣህ ግፊትህ ወረደ። ልናገርና ሶፋው ላይ ልመልስህ?» ክንዱን ያዘችው። «ግን ሐኪሙ ዋናውን ሲያመሰግን ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።»

ቤት ሲደርሱ ቁምጣውን ከቦርሳው አወጣች፤ አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ አሸተተች፤ ወዲያው ፊቷን አጨማደደች።

«ኤጭ! ይሸታል!» አለች ደስ ብሏት።

መምህሩ ወደ ጓሮ ስትሄድ ሊያይ በዓይኑ ተከተላት። እሷ ግን ዞራ ወጣችና ቁምጣውን የፊት ለፊቱ ገመድ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ በሚያየው ቦታ ዘርግታ በመቆንጠጫ ያዘችው። ጓሮ ታሰጣ የነበረው ለጨዋነት ይመስለው ነበር፤ ለካ ያልዋኘ ቁምጣ ለጎረቤት አላሳይም ብላ ነው።