ቀይ ስክሪን

«ወንድምሽ ቢኖር ይሄን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያስተካክለው» አለ ካሜራማኑ፣ ከሚጣ ወንበር ጀርባ ቆሞ አፍንጫውን እየጠረገ።

ሚጣ ከስክሪኑ ዓይኗን አልነቀለችም። ወንድሟ ቢኖርማ መቼ የሱን መታሰቢያ ቪዲዮ ትሠራ ነበር! ቪዲዮ መቁረጫ ፕሮግራሙ ላይ የከፈተችው ሥራ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኖባታል፤ በያንዳንዱ ቀይ ላይ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ተጽፏል። ከግድግዳው ወዲያ ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የስኒው ኳኳታ፣ የጎረቤቶች ሹክሹክታ፣ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር እንደ አዲስ የሚነሳው የእናቷ ለቅሶ ሁሉ ይሰማታል።

ቪዲዮውን የፈለገችው እናቷ ናት። «ነገ ዘመድ ሳይበተን ድምፁን አንዴ ልስማው» ብላ ለምናለች። ወንድሟ የቤተሰቡን ምስሎች ሰብስቦ የጀመረው ሥራ ነበር፤ ሳይጨርሰው ልቡ በድንገት ቆመ።

ቀይ ስክሪን ምን ማለት እንደሆነ ያስተማራት ራሱ ነው። «ፕሮግራሙ ምስሉን አልበላውም፤ የት እንዳለ ነው የጠፋበት። ያስቀመጥሽበትን አሳዪው» ይላት ነበር። ያልደወለለት ኤዲተር አልነበረም። ፕሮግራሙ ሲንቀራፈፍባቸው፣ ድምፁ ከከንፈር ሲቀድምባቸው፣ መሃል ላይ ድርግም ሲልባቸው እሱን ነው የሚጠሩት። እሱም መጀመሪያ «ሴቭ አድርገሃል?» ይላል። ሰውዬው ዝም ካለ «በቃ፣ እግዜር ያጥናህ» ብሎ ይስቅበትና ተነስቶ ይሄድለታል።

«እኔን እንኳ ስንቴ ከጉድ አውጥቶኛል» አለ ካሜራማኑ። «ሙሽራዋ ቀይ ሆና ቀርታብኝ፣ አባቷ አንገቴን ሊይዝ ሲል…» ለቅሶው ቀደመውና ወደ ሳሎን ወጣ።

ፕሮግራሙ «የድሮ ሰርጎች» የሚባል ዲስክ ይፈልጋል። ሚጣ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ወንድሟ ምንም ነገር አያጠፋም ነበር፤ ሙሽራው ሲያስነጥስ የተቀረጸውን እንኳ ያስቀምጣል። ያንን ሁሉ ዲስክ አገላብጣ፣ የሚፈለገውን ከኋላ ጥግ አገኘችውና ሰካችው። ቀዩ አንድ በአንድ ጠፋ። ወንድሟ ኬክ ሲቆርስ፣ እናቷን አቅፎ ሲያሽከረክር፣ ሁሉም በየቦታው ተመለሰ። ሚጣ እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች።

እዚያው ዲስክ ውስጥ «ጠራጊዎቹ» የሚል ፎልደር ነበር። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት።

ከዓመታት በፊት አውቶቡስ የሚያጸዱ ሴቶችን ዓመት ከመንፈቅ ካሜራ ይዛ ተከትላቸው ነበር። ውጭ አገር ያለ የፊልም ትምህርት ቤት ያለቀውን ፊልም ከላከችለት ሊቀበላት ቃል ገብቶላት ነበር። ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ከፈተችው፤ ሁሉ ቀይ ሆነ። እሷ እያለቀሰች ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ ሞከረ፣ ደከመ፣ በመጨረሻ «ዲስኩ ሞቷል ሚጣዬ። የማደርገው የለኝም» ብሎ አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው የሰው ሰርግ ቪዲዮ ሲቆርጡ ኖሩ። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ እህትና ወንድም እንዲህ ይሁን እያለ ይቀናባቸዋል።

አሁን ፊልሙን ከፈተችው። አንድም ቀይ የለበትም። ሴቶቹ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። ወደዚህ ዲስክ የተዛወረበትን ቀን አየች፤ ቀይ ከመሆኑ በፊት የነበረው ቀን ነው። ያን ቀን እሷ ገበያ ስትወጣ እሱ አንስቶ ደብቆታል።  አምናው ነበር፤ ከእናቷ እንኳ አስበልጣ አምናው ነበር።

በሩ ተከፈተና እናቷ ስኒ ይዛ ገባች። «አፍሽን እንኳ አርጥቢበት ልጄ» ብላ ስክሪኑን አየች። ሴቶቹን ለየቻቸው።

«አላጠፋውም እንዴ?» አለች። «አጥፍቼዋለሁ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ሚጣ ዞራ አየቻት። «ታውቂ ነበር?»

እናቷ ስኒውን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባትሽ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። አንቺም ልትሄጂብኝ ስትይ፣ ይቺ ልጅ ከሄደች እኔም አልተርፍም አልኩት። ለእኔ ብሎ ነው።»

«አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ እኮ፣ እማ!»

«የእውነቱን ነው ያለቀሰው።»

«ባያለቅስ ይሻለኝ ነበር» አለች ሚጣ።  እናቷም ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ሚጣ ወደ ስክሪኑ ዞረችባት።

በማግስቱ ሳሎኑ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ሚጣ ቪዲዮውን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተችው። ወንድሟ ብቅ ሲል ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ፤ ቀስ በቀስ ጸጥ ብሎ ማዳመጥ ጀመረ። ወንድሟ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃል፣ ድምፁ ግን የለም።

«ገመዱ ነው፣ ነቅለሽ ስኪው» አለ አንዱ አጎት።

«አጥፍተሽ አብሪው!» አለች አክስቷ።

ካሜራማኑ ሊረዳት ጎንበስ ብሎ ኮምፒውተሩን አየ። የድምፁን መስመር ራሷ ነበር ያጠፋችው። ቀና ብሎ ፊቷን አየና ወደ ቦታው ተመለሰ። ያ ድምፅ ነው የዋሻት፤ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲባርከው ልትሰማ አልቻለችም። አይሰማም፣ አለቀ።

እናቷ ግን ስለ ገመድ የምታውቀው ነገር የለም። ሰው እየገፋች ተነሳችና ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሚያናግራት ሰው ድምፁ የደከመ መስሏት ጆሮዋን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፈች። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ማንም ሊያነሳት አልደፈረም።

ሚጣ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ተናዳባታለች፤ ሁለቱንም ይቅር አላለቻቸውም። ቢሆንም ጣቷ የድምፁን ቁልፍ ነካ።

«እማዬ፣ ወደዚህ እይ እንጂ!» አለ ወንድሟ እየሳቀ። ከእናቷ የተጨፈኑ ዓይኖች እንባ ወረደ።

ሚጣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረችላት። ከዚያ የራሷን ጆሮ በሁለት መዳፏ ያዘች።