ደረቷን ያልመታችው

«ለገዛ እህቷ እንዲህ ነው?» አለች ጎረቤቲቱ ሸዋጌጥ፣ ከንፈሯን ጣል አድርጋ። «አንዴ እንኳ ደረቷን አትመታም! የዲጋ አገር ሰው ሐዘን ይሰስታል እንዴ?»

«ዝም በይ፣ የሟች ልጅ ትሰማሻለች» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ለቀስተኛ።

«ትስማ! ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ለዚሁ በሽታ ባሕር ተሻግራ ተምራ እናቷን ቀበረች። ምኗን ልፈር?»

ድርቤ ሰምታለች። እናቷ ቀለሟ የተቀበረችው ትናንት ነው። አዲስ ለቀስተኛ ዳሱ ውስጥ በገባ ቁጥር ሴቶቹ ተነሥተው ደረታቸውን ይደቃሉ። አክስቷ ድንቅነሽ ግን ግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ በቀኝ እጇ ጉልበቷን ትመታለች። ሰው ሐዘኗን ይመዝናል፤ ድርቤ ክንዷን ታያለች።

ስዊድን አገር የተማረችው የነቀርሳ የጨረር ሕክምና ነው። ሰው መሣሪያ ማንቀሳቀስ ብቻ ይመስለዋል። የሥራው ግማሽ ግን በሽተኛን ማስተኛት ነው፤ የትኛውን ጎኑን እንደሚሸሽ፣ የት ሲደርስ ትንፋሹን እንደሚውጥ ካልታወቀ ጨረሩ ደህናውን ሥጋ ያቃጥላል። ይህን ሁሉ አውቃ ስትመለስ መሣሪያው አገር ውስጥ አልነበረም። ነቀምት ላይ ራጅ አንሺ ሆነች።

ቀለሟ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። የሰው ቅቤ በስንጥር እስከ ልቡ ወግታ ሳትፈትሽ አትገዛም፤ የራሷን ገላ ግን ለማንም አላሳየችም። ድርቤ ከስዊድን ተመልሳ በእናቷ ቀሚስ ላይ የወጣውን እርጥበት አይታ በግድ ስታስገልጣት የጡቷ ቁስል ፈንድቶ ነበር።

«ምን ታፈጥጫለሽ?» አለች እናት። «ጡት ስትጥዪ የተረፈ ወተት ነው። አስቀምጬልሽ ነው።»

«ለምን አልጻፍሽልኝም?»

«ትምህርትሽን ጥለሽ እንድትመጪ?»

ድርቤ ዳሱ ውስጥ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «አክስቴ፣ ወደ ጓዳ ነዪ።»

«ለቀስተኛ ጥዬ?»

«ነዪ አልኩሽ!»

በሩን ዘጋችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ክንድሽን አይቼዋለሁ።»

ድንቅነሽ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ትንሽ እብጠት ናት፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ባቄላ ብታክል ነው። የእናትሽ ሐዘን ይውጣና እንነጋገራለን።»

«እሷም የልጄ ትምህርት ይለቅ ስትል ነው የሞተችው። ባቄላ ካከለ አዲስ አበባ ቀደው ያወጡልሻል። ከፈነዳ እኔም አልጠቅምሽ።»

«የእህቷ መቃብር ሳይደርቅ ለራሷ ሐኪም ፍለጋ ሄደች አይሉም?»

«ይበሉ! አሁንስ ምን እያሉሽ መሰለሽ?»

ውጭ አዲስ ለቀስተኛ ደረሰና ዋይታው ዳሱን ሞላው። ድንቅነሽ በሩን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አውርዳ የቀሚሷን አንገት ፈታች።

ድርቤ እጇን ዘረጋች። ስንቱን ፈረንጅ ያስተኛ እጅ መንገድ ላይ ቆመ።

አክስቷ እጇን ያዘች። ብርድ መትቶት እንደገባ ሕፃን እጅ፣ በሁለት መዳፏ አቅፋ እፍ፣ እፍ አለችበት። ከዚያ ራሷ ወስዳ ጡቷ ላይ አሳረፈችው።

«እዚህ ጋ ነው» አለች።