ከፍ ያለው መሪ

...እና የሞተሬ መሪ አራተኛው ቡለን እምቢ ይላል፣ ዝጓል፣ ዘይት አንጠበጥብበትና እጠብቃለሁ፣ መጠበቅ እንደሆነ ለምጄዋለሁ፣ ከማንጎው ዛፍ ወድቄ ሐኪሞቹ ጀርባዬ ውስጥ ሁለት ዘንግ ብረት ካስገቡ ወዲህ መጎንበስ ብሎ ነገር የለም፣ ሞተሬ ላይ መቀመጡን እችላለሁ፣ መሪው ጋ መድረስ ነው ያቃተኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ጆንያ ከሰው ኋላ ተጭኜ፣ የሰው ወገብ ይዤ። እኔ ክሎቲልድ! የከተማችን የቦቦ ዲዩላሶ ሴት ሁሉ በገዛ ሞተሯ እየከነፈች። ዛሬ በዚህ ከፍ ባለው አዲስ መሪ ካልሆነልኝ ወንድሜን ሞተሯን ውሰዳት እለዋለሁ፣ አንዴ ቃል ከአፌ ወጥቷል።

ጎረቤቴ አልፋ ባሪ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ ያደርጋል። አንቺ የዶሎ ጠላ ጨላጭ፣ ለዚች ፍየል ቀንድ እየተከልሽላት ነው? ሂድ ከዚህ አሽከሬ፣ እለዋለሁ፣ ላሞችህ ይጠሩሃል። እሱ ከከብት አርቢዎቹ ከፉላኒ ጎሳ፣ እኔ ከቦቦ ጎሳ፣ መሰዳደብ ከአያቶቻችን የወረስነው ግዴታችን ነው፣ እናቴን ስንቀብር እንኳ ይቺ ሴትዮ ጌታዋን ሳታስፈቅድ ወዴት ነው የምትሄደው ብሎ ለቀስተኛውን በሳቅ ፈጅቶታል፣ ሃያ ዓመት ስንጎራበት አንድ ቁም ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ተፈታ። የድሮው መሪ መሬት ላይ፣ ትንሽዬ፣ ምስኪን፣ አዲሱን አቆማለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እና እጆቼ ሳላዛቸው ሄደው ያዙት። ወይ ጌታዬ። ደረቴ ፊት ነው ያለው። ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ቀጥ ብዬ፣ አንድ ክንድ የማትሞላ ብረት እንዲህ ታደርጋለች?

የነዳጁ ገመድ አጥሯል፣ መሪውን እንዳታዞሪው። አልፋ ነው። ፉላኒ ደግሞ ስለ ብረት ምን ያውቃል? አጥሯል እኮ ነው የምልሽ! አንተ መጀመሪያ የላሞችህን ጅራት ቆጥረህ ጨርስ፣ እላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ አንደኛ አስገባለሁ፣ ወደ በሩ ልታጠፍ መሪውን ወደ ቀኝ

ጮኸ፣ እጄ ሳይነካው ጮኸ፣ ገመዱ ተወጥሮ ነዳጁን ራሱ ይስባል፣ ሞተሯ ዘለለች፣ ግድግዳው መጣ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን! ቆመች። ከግድግዳው አንድ ስንዝር። ብወድቅ እኮ፣ በእነዚያ ዘንጎች ላይ ብወድቅ እኮ።

አልፋ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ፣ አጥሩን ዘሎ መጥቷል፣ ቁልፉን ያጠፋል። እህቴ፣ ተጎዳሽ እንዴ? እህቴ! አፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል መኖሩንም አላውቅም። ከግድግዳው ይልቅ ያቺ ቃል አስደነገጠችኝ፣ ስደበኝ እንጂ አልፋ፣ እለዋለሁ፣ ሳትሰድበኝ ስትቀር የሞትኩ ይመስለኛል። ተንበርክኮ ገመዱን ከነዳጅ ታንኩ ከሰልባትዮው ሥር ከታሰረበት ይፈታል፣ በአጭሩ መንገድ፣ በመሪው አንገት ከውስጥ በኩል ያሳልፈዋል፣ ጣቶቹ የላም ጡት ያለቡ ጣቶች ናቸው፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ምንም አይጎትቱም። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው። ገመዱ ላላ ብሏል። አስነስቶ እንደገና ያዞረዋል፣ ድምፁ ንቅንቅ አይልም። እኔ ግን ሃያ ዓመት የሳቅኩበትን ሰው አሁን ገና የማየው ይመስል ቆሜ አየዋለሁ።

ምን ትገተሪያለሽ አንቺ ዶሎ ጨላጭ፣ ጌታሽ ሂጂ ብሎሻል!

እወጣለሁ። ቀዩ አፈር፣ ከዚያ አስፋልቱ፣ የባቡር ጣቢያው፣ ሴቶች በግራ ሴቶች በቀኝ፣ አንዷ ልጅ አዝላ በሞተሯ ጎኔ ትደርስና ያንቺስ ምን ቁመት ነው፣ ሚኒስትር መሰልሽ እኮ ትለኛለች፣ ስቃ ታልፋለች፣ ፊቷን አየሁት፣ የሰው ፊት በሰው ፊት ትክክል፣ እና ሰማዩ፣ ይሄ ሁሉ ሰማይ እዚህ ነበር እንዴ? የወንድሜን መታጠፊያ አልፌዋለሁ። ወዴት እንደምሄድ አልወሰንኩም፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ያልቅስ፣ ነፋሱ ይጠርገዋል፣ ማንንም አልያዝኩም።