ዘሃራ ቀፎ ዶት ኮም

አብዱልጀሊል ሓድነት በሚባለው የመቐለ ሰፈር ውስጥ የንብ ቀፎ ይሠራል። ከወሎ መጥቶ መቐለ ከከተመ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። በሚሠራው ቀፎ ሁሉ ክዳን ላይ በጋለ ብረት የሚተኩሰው የድረ ገጽ አድራሻ አለ፤ "ዘሃራ ቀፎ ዶት ኮም" ይላል። ዘሃራ ሚስቱ ናት። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ዓመታት አድራሻው ሳይታደስ ቀረና የት አገር እንዳለ የማይታወቅ ሰው ወሰደው። አሁን ገበሬው ስለ ንብ ሊጠይቅ ሲከፍተው ቁማር ይመጣለታል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ክዳን ላይ የተተኮሰ ስም ደግሞ ተፍቆ አያልቅም። ዘሃራ ይህን ከሰማች ወዲህ ምሳ ስታቀርብ ሳሕኑ ጠረጴዛው ላይ የሚያርፍበት ድምፅ ተለውጧል።

ሰኞ ጠዋት ፍሬወይኒ ጠራችው። ከእንጨት ሥራ ቤቱ አጠገብ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ የምትሠራ ናት።

"ኣያ አብዱልጀሊል፣ አድራሻዎን የወሰደው ሰውዬ ስሙን አላሳደሰውም። ሐሙስ ይለቀቃል። ስሙን የሚሸጠውን ድርጅት እንጠይቅ፤ በጽሑፍ የሚያናግሩ ሠራተኞች አሏቸው።"

በርጩማ ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ።

"ምን ይላል?"

"ግሬስ እባላለሁ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት ይላል። ስሙን እንዴት እናገኛለን ብዬ ልጻፍ?"

"ቆይ እንጂ። ደህና ናችሁ ወይ ተብለን የለ?"

"እሱ ለሁሉም የሚጻፍ ነው።"

"ለሁሉም ቢጻፍም እኛን ጠይቃለች። ጻፊ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ልጆቹ ደህና ናቸው። ዝናቡ ዘግይቶ ነበር፣ መጥቷል። አንቺስ? ቤተሰቡ? እናት አባትሽ? አገሩ ሰላም ነው?"

ፍሬወይኒ ዝናቡ ላይ ስትደርስ "ምላሽ ስላልሰጡ ውይይቱ ተዘግቷል" የሚል መጣ። ከሥሩ አገልግሎቱን በኮከብ እንዲመዝኑ ይጠይቃል።

እንደገና ሞከሩ። ብራያን የሚባለው እሱም እንዴት ነዎት ብሎ ጀመረ፤ ሰላምታው ሲደርሰው "ስለ ሰጡን መረጃ እናመሰግናለን" ብሎ አዲስ ስም እንዴት እንደሚገዛ የሚያስረዳ ገጽ ላከና ሄደ። ፕሪያ የምትባለው ደግሞ ዘሃራ ቀፎ ለጊዜው ተይዟል፣ "ዘሃራ ቀፎ ሁለት" ግን ክፍት ነው፣ ለምን አይወስዱም አለች።

"ሁለተኛ አግባ እያለችኝ ነው" አለ አብዱልጀሊል። "ዘሃራ እንዳትሰማ።"

ፍሬወይኒ በመጨረሻ ብልሃት አበጀች። ሰላምታውን ከነዝናቡ አንድ ጊዜ ጽፋ አስቀመጠችውና ለሚመጣው ሁሉ ትለጥፍለት ጀመር። በስምንተኛው ላይ ግሬስ ተመልሳ መጣች።

"እኔ ደህና ነኝ" ስትል ጻፈች። "እናቴ ግን ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታለች።"

አብዱልጀሊል ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። "በይ የስሙን ነገር ተይው። ስንት ቀኗ ነው በያት። አላህ ያሽርልሽ በያት።"

"ኣያ፣ የቀረን ሦስት ቀን ነው።"

"ታማሚ አለኝ ላለች ሴት ስለ ገበያዬ ላውራ?"

ግሬስ አመሰገነች፤ ሌላ የምረዳዎት ከሌለ ብላም ተሰናበተች። ፍሬወይኒ እስከ ማታ አላናገረችውም።

ማክሰኞ ግሬስን ፍለጋ ዋለ። ሠራተኞቹ ማንኛችንም ልንረዳዎት እንችላለን ይላሉ። "እናቷ እንዴት እንዳደሩ ታውቃላችሁ ወይ በያቸው" ይላል እሱ። ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ሰልችቷቸው ይሁን አዝነው፣ አገናኟቸው።

"እናትሽ እንዴት አደሩ?"

ግሬስ "ትናንት በምርኩዝ ተራመደች" አለች፤ ቀጥላም በችኮላ ጻፈች። "ይህን መናገር አይፈቀድልኝም። ብዙ የተጠየቀና ብዙ የተከፈተ ስም ሲገኝ ድርጅቱ ለጨረታ ያስቀረዋል። እናንተ በሁለት ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቃችኋል። ከእንግዲህ ዝም በሉ። ገጹንም ማንም አይክፈት። ሐሙስ ቀትር ላይ ሞክሩ።" ራሷ ዘጋችው።

ረቡዕን አብዱልጀሊል ስልክ ሲደውል ዋለ። አትክፈቱ ያላቸው ደንበኞች፣ ከፍተውት የማያውቁት ጭምር፣ ገጹ ላይ ምን ነገር አለ እያሉ አስቸገሩት። ስምንት ቀፎ የገዙት ኣባ ተስፋልደት ግን በቁጣ "እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከፍቼ አላውቅም" አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ "እስከ መቼ ነው የማይከፈተው?" ሲሉ ጠየቁ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ፍሬወይኒ ስሙን ጻፈች፤ ዱባይ ባለችው እህቷ የባንክ ካርድ ከፈለች፤ እጇን ከማውሱ ላይ ሳታነሳ ጠበቀች።

"የእርስዎ ነው" አለች።

ገጹን በስልኳ ከፈተችው። ነጭ ነበር፤ አንድ ፊደል እንኳ የለበትም።

"ምን እናድርግበት? ቀፎዎቹን ፎቶ ላንሳ?"

"ዛሬ ባዶውን ይዋል። ክፉ ተከራይ የለቀቀው ቤት መጀመሪያ ይናፈሳል።"

"ኢንተርኔት አይናፈስም፣ ኣያ።"

"ይናፈሳል። አንቺ ብቻ አትንኪው።"

ስልኩን ከእጇ ተቀበለ፤ ነጩን ገጽ ለዘሃራ ሊያሳያት ወደ ቤቱ ሄደ።