አለቃ እስኪዘጋው ይጠብቁ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጫማ ቤታችንን በር እከፍታለሁ። መስኮቱን እወለውላለሁ፣ ከጫማ ሰፊያችን ከጋሼ መቀመጫ ሥር የቀረውን የቆዳ ቁርጥራጭ እጠርጋለሁ፣ ከዚያ አዲሱን ኮምፒውተር አበራለሁ። ጋሼ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ካፖርታቸውን ሰቅለው ሽርጣቸውን ያስራሉ።

«እህ፣ ሣጥኑ ተነሣ?» ይሉኛል። ኮምፒውተርን በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

«አልተነሣም» እላለሁ።

«ይተኛ እንግዲህ» ይሉና ሥራቸውን ይጀምራሉ። እንዲህ ስንባባል አሥራ አንድ ቀን ሆነን።

እኛ ጋ ተደርድሮ የሚሸጥ ጫማ የለም። የሚመጡት አንድ እግራቸው ያጠረ፣ የተጣመመ ወይም ያበጠ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ ለእያንዳንዳቸው ከእንጨት ፎርማ ይቀርጽ ነበር፤ ጫማው የሚሠራው በዚያ የእንጨት እግር ላይ ነው። መደርደሪያው ላይ አራት መቶ ስልሳ ጥንድ ፎርማ አለ። ቁጥር እንጂ ስም የተጻፈበት አንድም የለም። «የሰው እግር ገመናው ነው» ይል ነበር። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚታወቀው ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው የመረጃ ቋት ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ ባለቤቴን አለቃ ይለው ነበር። ስሙን ያወጡለት ጋሼ ናቸው፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው አለቃ እያሉ ሊያበሽቁት። እሱ ግን ወደደው። ኮምፒውተሩ የተጠቃሚ ስም ሲጠይቀውም «አለቃ» ብሎ ጻፈ።

ሆስፒታል የሄደ ዕለት ከምሳ በኋላ የሚመለስ መስሎት ቋቱን እንደተከፈተ ትቶት ወጣ። እኔም አልዘጋሁትም። ከቀብሩ በኋላ ጫማ ቤቱ አራት ወር ተዘግቶ ሲቆይ፣ አሮጌው ኮምፒውተር እንደበራ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣሁ አቧራውን እጠርግለት ነበር። አንድ ቀን ስመጣ ጠፍቶ አገኘሁት፤ ዳግመኛም አልበራም። የኮምፒውተር ጠጋኙ ሆዱን ከፍቶ አየና፣ «እሱ አይሆንም፤ ውስጡ ያለውን ግን አወጣልዎታለሁ» አለኝ። ቃሉን ጠብቋል። ያለውን ሁሉ፣ ፍርፋሪ ሳያስቀር፣ ወደ አዲሱ ገለበጠው።

በመጀመሪያው ቀን ፕሮግራሙ መረጃውን የሚፈልገው በአሮጌው ኮምፒውተር አድራሻ ነበር፤ አዲሱን ቦታ አሳየሁት። ቀጥሎ ፊደሉ በሙሉ ትናንሽ ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ወጣ፤ ፎንቱን ጫንኩና ተስተካከለ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አያስፈራኝም። ሦስተኛው ስሕተት ላይ ግን ቆምኩ።

«ይህን ፋይል አለቃ እየተጠቀመበት ነው። እስኪዘጋው ይጠብቁ።»

ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ቋቱ ሲከፈት ከጎኑ አንዲት ትንሽ ፋይል ትፈጠራለች፤ ማን እንደያዘው የምትመዘግብ። የያዘው ሰው ሲዘጋው ትጠፋለች። አለቃ ስላልዘጋው አልጠፋችም፤ ጠጋኙም ከሌላው ጋር አብሮ ገልብጧታል። እሷን መሰረዝ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለጋሼ ግን «እያየሁት ነው» አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ በየጠዋቱ አየው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እትዬ መጡ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት። ቀኝ እግራቸው ከግራው ሦስት ሴንቲ ያጥራል። አለቃ ይህን ሙያ የተማረው ለእሳቸው ብሎ ነው።

በሩን ሳይከፍቱ ኮቴያቸውን ሰማሁ። ኳ፣ ጠፍ። ኳ፣ ጠፍ። እትዬ እንዲህ ሲራመዱ በትዳሬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምቼ አላውቅም።

«ሙሽሪት፣ እንደምን አደርሽ?» አሉኝ። ለእሳቸው እስከ ዛሬ ሙሽሪት ነኝ። ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁና ለጋሼ ሰጧቸው። የቀኙ ሶል ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ያለው ቡሽ ተፈርፍሯል።

«መምህርት፣ ምን አድርገውት ነው? ኳስ ተጫውተውበት?»

«አንተን ልመታበት ስል ነው የተሰነጠቀው። ወሬህን ተውና አዲስ ሥራልኝ።»

«ፎርማዎን ሳላውቅ በምን ልሥራ? ቁጥር አንድ ትሆን ይሆን?» ጋሼ ቁጥር አንድን አውርደው ከእትዬ እግር አጠገብ አስቀመጧት። እጥፍ ታህላለች።

«ይሄማ የወታደር እግር ነው!» አሉ እትዬ። «እንደ አዲስ ለካኛ።»

«አለቃ ያቺን ፎርማ ስምንት ዓመት ሲፍቅ ሲሞላ ነው ለእርስዎ ያስማማት። እኔ በአንድ ቀን ብለካ ወገብዎን ሰብሬ ነው የምሸኝዎ። ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ ሣጥኑ ነው እንቢ ያለው።»

እትዬ በካልሲያቸው እያነከሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አነበቡ። ሁለት ጊዜ ያነበቡት መሰለኝ።

«ስንት ቀን ጠበቅሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«መላ አለው?»

«አለው።»

«ታውቂዋለሽ?»

የኮምፒውተሩን ቁልፎች አቧራ መጥረግ ጀመርኩ።

«ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ። «መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ተማሪ አይጠፋኝም።»

እጄን መታ መታ አደረጉና ተነሡ። «አንተ ሰውዬ፣ ይህችን በማስቲሽ ለጥፍልኝና ልሂድ። እኔ አልቸኩልም።»

«አትይዝም እኮ፣ መምህርት።»

«እስክትለቅ ትይዛለች።»

ጋሼ ለጠፉላቸው። እትዬ ተጫምተው ወደ በሩ ሄዱ። ኳ፣ ጠፍ። ኳ፣ ጠፍ። አንድ እጃቸው ሳይታወቃቸው ወገባቸው ላይ ነበር። አለቃ ወጣትነቱን ሙሉ እንጨት ሲፍቅ የኖረው ይህ ድምፅ እንዳይሰማ ነው።

«እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኩ።

ትንሿን ፋይል መረጥኩ። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ቋቱ ተከፈተ። የእትዬን ስም ጻፍኩ፤ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። ከሥሩ የአለቃ ማስታወሻ ነበር፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ቀኙ ሦስት ሴንቲ። ተረከዙ ላይ ቡሽ ጨምር። ቢያማትም አትናገርም፤ እጇን ተመልከት። ወገቧን ከያዘች ጫማው አልሆናትም። ከተጨቃጨቀች ደህና ናት።»

እትዬ እጃቸውን ከወገባቸው ላይ መንጭቀው አነሡ። «ይሄ ሰላይ!» አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ብዙ ጠረጉት።

ጋሼ መሰላሉ ላይ ወጥተዋል። «ሦስት መቶ አሥራ ስምንት! ተገኘች! መምህርት፣ እግርዎ አቧራ ለብሷል።»

«የማትጠርገው አንተ! ስንፍናህን በእግሬ አታላክክ። ደግሞ እንዳትጥላት፣ እጅህ ቅቤ ነው።»

ጋሼ ከመሰላሉ ላይ ሆነው ወደ እኔ ዞሩ። «ደህና ናቸው» አሉኝ።

ትንሿን ፋይል ከመሰረዜ በፊት መልእክቱን በስልኬ ፎቶ ላነሣው አስቤ ነበር። አላነሣሁትም።

አሁንም ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን እከፍታለሁ፣ መስኮቱን እወለውላለሁ፣ ኮምፒውተሩን አበራለሁ። ፋይሉ ወዲያው ይከፈታል። የሚጠቀምበት ሌላ ሰው የለም።