ያልተላከ ሰላምታ

ይድነቃቸው ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ከሚኖርበት ከአሌክሳንድሪያ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ነድቶ የሰባት ዓመት ልጁን ሶሊን ከእናቷ ቤት ይወስዳል፤ እሑድ ማታ ይመልሳል። ከውብነሽ ጋር ከተፋቱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በር ላይ ሲገናኙ ስለ ጃኬትና ስለ ሳል መድኃኒት ካልሆነ በቀር ቃል አይለዋወጡም።

ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን አንድ ዓርብ፣ ሶሊ የመኪናውን ቀበቶ እያሰረች፣ «ዳዲ፣ ማሚ ሃይ ብላሃለች» አለችው።

«ማን? ማሚ?»

«የስ። ሰላም በይልኝ አለች።»

የዚያን ዕለት ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ያ ሁሉ መኪና ተገትሮ ሳለ አንድም ጊዜ አልተማረረም። በሚቀጥለው ዓርብ ሌላ ሰላምታ መጣ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ማሚ ወገብህን ተሻለህ ወይ አለች። ከባድ ነገር እንዳታነሳ ብላለች» ተባለ።

እዚህ ላይ የሰውየው ልብ ቀለጠ። ወገቡን እንደሚያመው ለማንም አልተናገረም። እንግዲህ ውብነሽ በር ላይ አቋቋሙን አይታ ነው የገባት፤ ይህን ያህል ልብ ብላ የምታየው ሴት ደግሞ ጨርሳ አልጠላችውም። ከመኪና በወረደ ቁጥር «እህህ» ሲል የምትሰማው ሶሊ መሆኗ ትዝ አላለውም። ተስፋ እንዲህ ነው፤ የራበው ሰው ጭስ ካየ ምሳ ደረሰ ይላል።

አፓርትመንቱ ኦፊስ ሄዶ የቤት ኪራይ ውሉን እንደማያድስ ተናገረ፤ ወደ ውብነሽ ቤት ሊመለስ አይደል! ከዚያም ሲጋቡ ሽማግሌ ሆነው የሄዱለትን ጋሽ ገብረየስን ደጅ ጠና።

«ጋሼ፣ እባክዎ ውብነሽ ጋ ይሂዱልኝ። ልቧ ተመልሷል።»

«በምን አወቅህ?»

«በየሳምንቱ ሰላምታ ትልክልኛለች።»

«ይሄማ ያለቀለት ነገር ነው! እኔ ለምርቃት ብቻ ልሂድ?» ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ ሄዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይድነቃቸውን ወደ ፓርኪንጉ ጥግ ሳብ አደረጉት። ሶሊ ከልጆች ጋር ትሯሯጣለች።

«ልጄ፣» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ብዙ ሽምግልና ሄጃለሁ። ባልተላከ ሰላምታ ስሄድ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«አንድም ቀን ሰላም በይው አላልኳትም አለች። እንዲያውም የተቀየመችው እሷ ናት። በልጅቷ በኩል ‹ናፍቀሽኛል፣ ፀጉርሽ ያምራል› እያለ መላኩን ይተው በሉልኝ ብላለች።»

«እኔ? እኔ እኮ ምንም አልላክሁም!»

አዛውንቱ ዞር ብለው የምትሯሯጠውን ልጅ አዩ። ይድነቃቸውም አየ።

«እንዳትቆጣት» አሉት።

«እሺ። ልቧስ ግን፣ ጋሼ?»

«ልቧ ቆርጧል። አትጠብቅ፣ ልጄ።»

ማታ ልጁን ሊመልስ ሲነዳ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ጠየቃት።

«ሶሊዬ፣ ማሚ ሰላም በይው አላለችሽም፣ አይደል?»

ሶሊ የቀበቶዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«አልቆጣም።»

«ፎርጌት አድርጋው ነው» አለች ቀስ ብላ። «ስለረሳች እኔ አልኩላት።»

«የኔ ቆንጆ፣ ያልተባለን ነገር ተብሏል ማለት ውሸት ነው እኮ።»

«ኖ! ውሸት ከረሜላ በልተህ አልበላሁም ስትል ነው። አንተም ትላለህ!»

«ምን እላለሁ?»

«አገር ቤት አያቴ ጋ ስትደውል። ‹ሶሊ በጣም ሰላም ብላሻለች፣ ናፍቀሻታል› ትላለህ። እኔ ምንም አላልኩም፤ ካርቱን እያየሁ ነው። አላውቃትም እኮ። እሷ ግን ደስ ብሏት ታለቅሳለች።»

ይድነቃቸው ያ ሰላምታ ከአፉ ሲወጣ ውሸት ነው ብሎ አስቦት አያውቅም። የሩቅ ሰው ማስደሰቻ ነው፤ ወግ ነው። ልጅቱ ወጉን ከእሱ ተማረች። የእሷ ሩቅ ሰዎች ግን እዚሁ፣ በአንድ መንገድ ጫፍና ጫፍ የሚኖሩ አባትና እናቷ ነበሩ።

«ሃይ ብላሃለች ስልህ ትስቃለህ» አለች ከኋላ። «ማሚ ቆጣ ትላለች። ከዛ ግን መስታወት ታያለች።»

ይህን ባትነግረው በወደደ። ልቡ እንደገና ብድግ ሊል ሲቃጣው «አትጠብቅ» የተባለው ቃል መልሶ አስቀመጠው።

«ካሁን በኋላ ሰላምታ አታምጪልኝ፣ እሺ? ለእሷም አትውሰጂ።»

«እንግዲያ ከማሚ ቤት ስመጣ ምን ላምጣልህ?»

«ምንም። አንቺ ትበቂኛለሽ።»

በመኪናው መስታወት ውስጥ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። የሁለት ሰው ፊት ስታጠና የኖረች ልጅ ናት።

«ኦኬ» አለች፤ እንዳላመነችው ግን ገባው።

ውብነሽ በሩን ከፈተች። ቦርሳውን ተቀብላ «ጃኬቷስ?» አለች። ሰጣት። ሶሊ በመካከላቸው ቆማ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። አፏን ከፈት አደረገች፤ ከዚያ መልሳ ገጠመችውና አንገቷን ደፍታ ገባች። በሩ ተዘጋ።